ሳይሰብሩ መጠየቅ፦ ብርሃን የአጥንትን ጥንካሬ የለካበት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1638 በኔዘርላንድስ ሌይደን ከተማ አንድ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ወጣ። ደራሲው ጋሊሊዮ ጋሊሌ ግን ከዚያ እጅግ ርቆ፣ በፍሎረንስ አጠገብ በምትገኘው አርቼትሪ በቁም እስር ላይ ነበር። የዓይኑ ብርሃንም ጠፍቶ ነበር። ስለ ሰማይ በመናገሩ የተፈረደበት ይህ ሽማግሌ በመጨረሻው ታላቅ ሥራው ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ አጥንት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ተስለዋል። አንደኛው ተራ የእንስሳ አጥንት ነው። ሁለተኛው በርዝመት ሦስት እጥፍ ሲሆን ውፍረቱ ግን ከሦስት እጥፍ እጅግ አልፎ አብጧል። የጋሊሊዮ ሐሳብ ይህ ነበር፦ አንድ አካል በሁሉም በኩል እጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የአጥንት ወርድ ስፋት ግን የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ግዙፍ እንስሳ የትንሹን እንስሳ ቅርጽ እንደያዘ ሊቆም አይችልም። ወይ አጥንቱ ይወፍራል፣ ወይ ከሌላ ጠንካራ ነገር ይሠራል፣ አለዚያ በራሱ ክብደት ይፈርሳል። ከዚህ ሥዕል ጋር አንድ ጥያቄ ወደ ሳይንስ ገባ፦ ይህ አጥንት ምን ያህል ይሸከማል?

ቀጥተኛው መልስ ጨካኝ ነው፤ እስኪሰበር ድረስ መጫን። ወጌሻ የተጎዳን እግር ዳብሶ ስብራቱ የት እንዳለ በጣቱ ጫፍ ይለያል። ያልተሰበረው አጥንት ነገ ይሰበር እንደሆነ ግን ጣቱ አይነግረውም። የላብራቶሪ ሰው ደግሞ ይህን ማወቅ የሚችለው አጥንቱን በመስበር ነበር፤ መልሱ ሲገኝ የተጠየቀው አጥንት ከእንግዲህ የለም። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ሰዎች ያንን መልስ አጥንቱን ሳይሰብሩ ለማግኘት የተጓዙበትን ረጅም መንገድ ነው። የመንገዱ መሪ ብርሃን ነበር።

ከክብደት ወደ መስመር

በ1678 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የመለጠጥን ሕግ አሳተመ፤ ሞላ የሚለጠጠው በተሳበበት ኃይል ልክ ነው። በ1807 ደግሞ ቶማስ ያንግ ባሳተማቸው ትምህርቶች ውስጥ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የግትርነት መለኪያ፣ የያንግ ሞዱለስን፣ ሐሳብ አቀረበ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ በፓሪስ ይሠራ የነበረው ጊዮም ቬርትሃይም ይህን የመሐንዲሶች ዕውቀት ወደ ሰው አካል አመጣው። ከአስከሬን የተወሰዱ አጥንቶችን፣ ጅማቶችን፣ ጡንቻዎችንና ነርቮችን ክብደት እያንጠለጠለ ሳባቸው፤ ምን ያህል እንደሚለጠጡና በምን ያህል ኃይል እንደሚበጠሱ መዘገበ። የሰው አጥንት እንደ ብረትና እንደ እንጨት በቁጥር ተጻፈ።

ነገር ግን አጥንት እንደ ብረት አንድ ወጥ አይደለም። በ1866 ገደማ በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ የአናቶሚ ሊቁ ሄርማን ፎን ማየር ለሁለት የተሰነጠቀ የጭን አጥንት ያጠና ነበር። በአጥንቱ ራስ ውስጥ ያለው ስፖንጅ መሰል ክፍል ከቀጫጭን ዘንጎች የተሠራ ነው። ማየር ዘንጎቹ በዘፈቀደ እንዳልተዘረጉ፣ ቅስት እየሠሩ በሥርዓት እንደሚተላለፉ አየ። በዚያው ከተማ ፖሊቴክኒክ ያስተምር የነበረው መሐንዲስ ካርል ኩልማን ይህን ሲመለከት ከራሱ ሥራ ጋር የሚገጥም ነገር አገኘ። የጭን አጥንት ራስ የሚመስል ቅርጽ ባለው ክሬን ውስጥ ጭነት የሚተላለፍባቸው መስመሮች ሲሳሉ ልክ እንዲህ ነበሩ። ማየር ይህን በ1867 አሳተመ። የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም ዩሊዩስ ቮልፍም ጉዳዩን ይዞ ዓመታት ከለፋ በኋላ በ1892 ሕጉን በመጽሐፍ አወጣ፦ አጥንት በሚሸከመው ጭነት ልክ ራሱን መልሶ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ የጋሊሊዮ ጥያቄ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም። አንድ አጥንት አንድ የጥንካሬ ቁጥር ብቻ የለውም፤ ከቦታ ቦታ፣ ከወራት ወራት ይለያያል። ሕያው ስለሆነ ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልገዋል፤ የተሰበረ አጥንት ግን አንዴ ብቻ ነው የሚመልሰው።

የማይሰማው ድምፅ

መፍትሔው የመጣው ስለ አጥንት ፈጽሞ ከማያስቡ ሰዎች ነው። በ1914 ሊዮን ብሪዩዋን የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ብርሃን በጥሩ ሁኔታ በሚያሳልፍ ንጹሕ ነገር ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚበተን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አቀረበ። በዚያው ዓመት ጦርነት ፈነዳ፤ ብሪዩዋንም ወደ ሠራዊቱ የሬዲዮ ሥራ ገባ። ሙሉውን ስሌት ማውጣት የቻለው በ1922 ነው። ሩሲያዊው ሊዮኒድ ማንደልሽታምም በራሱ መንገድ ወደዚያው ሐሳብ ደርሶ በ1926 አሳተመው።

ሐሳቡ ይህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ድንጋይም ሆነ አጥንት፣ ሙቀት እስካለው ድረስ በውስጡ ይንቀጠቀጣል። ይህ መንቀጥቀጥ ቁሱን ወዲያና ወዲህ የሚያቋርጡ፣ ጆሮ ሊሰማቸው የማይችል የድምፅ ሞገዶች ናቸው። ብርሃን ወደ ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ከእነዚህ ተጓዥ ሞገዶች ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ጩኸቱ ይቀጥናል፣ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። ብርሃኑም እንዲሁ ነው፤ ወደ እሱ ከሚመጣው ሞገድ ሲመለስ ድግግሞሹ በጥቂቱ ይጨምራል፣ ከሚሸሸው ሲመለስ በጥቂቱ ይቀንሳል። የለውጡ መጠን ድምፅ በቁሱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይናገራል። የድምፅ ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ፣ በቁሱ እፍግታ እንደገና ሲባዛ ደግሞ ግትርነቱ ይገኛል። መሳብ የለም፣ መጫን የለም፣ መስበር የለም። ቁሱ ራሱ በራሱ እየተንቀጠቀጠ መልሱን ይሰጣል፤ ብርሃን ያዳምጣል።

ከብርሃን የሚገኘው ሌላው መልስ ከወደ ሕንድ መጣ። በ1921 ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ከእንግሊዝ ወደ አገሩ በመርከብ ሲመለስ የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት አስገረመው። የባሕሩ ቀለም የሰማዩ ነጸብራቅ ነው የሚለውን የዘመኑን አስተያየት አልተቀበለም፤ ውሃው ራሱ ብርሃንን ይበትናል አለ። ካልካታ ሲደርስ ይህን ጉዳይ ሥራዬ ብሎ ያዘው፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1928 ከረዳቱ ከክሪሽናን ጋር አዲስ ዓይነት ብተና አየ። የተበተነው ብርሃን ከሞለኪውሎች ውስጣዊ ንዝረት ጋር ኃይል ተለዋውጦ ቀለሙን ይቀይራል፤ ስለዚህ ቁሱ ከምን እንደተሠራ ይመሰክራል። ራማን በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት በሌኒንግራድ ዬቭጌኒ ግሮስ ብሪዩዋን የተነበየውን ረቂቅ ለውጥ በፈሳሾች ውስጥ በዓይን አሳየ።

ሁለቱ ምስክሮች ተገኙ ማለት ነው። የራማን ብተና ቁሱ ከምን እንደተሠራ፣ የብሪዩዋን ብተና ደግሞ ምን ያህል ግትር እንደሆነ ይናገራሉ። ሁለቱም ግን ድምፃቸው እጅግ ዝቅተኛ ነበር።

ደካማውን ከብርቱ መለየት

በብሪዩዋን ብተና የሚፈጠረው ለውጥ ከብርሃኑ ድግግሞሽ ጋር ሲነጻጸር ከአሥር ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ያንን ለማየት በመጀመሪያ ፍጹም አንድ ቀለም ያለው ብርሃን ያስፈልጋል። እርሱ በግንቦት 1960 ተገኘ፤ ቴዎዶር ማይማን በካሊፎርኒያ ማሊቡ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። በ1964 ተመራማሪዎች ሌዘርን ለብሪዩዋን ብተና ተጠቀሙ።

ሁለተኛው እንቅፋት ከዚህ ይከብድ ነበር። እንደ ውሃና እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነገር ብርሃንን በቀላሉ ያሳልፋል። አጥንት ግን ነጭና ደብዛዛ ነው፤ የመጣበትን ብርሃን ሳይለውጥ በብዛት መልሶ ይረጫል። የሚፈለገው ደካማ ምልክት በዚያ ጎርፍ ውስጥ ይሰጥማል። ጎርፉን የገደበው ጆን ሳንደርኮክ ነው፤ የሠራውም ማየርና ኩልማን በተገናኙባት በዚያችው ዙሪክ፣ በአርሲኤ ኩባንያ ላብራቶሪ ነበር። ሁለት ፈረንሳውያን፣ ፋብሪና ፔሮ፣ በ1899 ከሠሩት መሣሪያ ተነሳ። መሣሪያው ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት መስተዋቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የፈቀደውን ድግግሞሽ ብቻ ያሳልፋሉ። ሳንደርኮክ ከ1970 ጀምሮ ብርሃኑ በእነዚሁ መስተዋቶች መካከል አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ እንዲያልፍ አደረገ። በእያንዳንዱ ማለፍ ያልተፈለገው ብርሃን ይጣራል፤ የቀረው ይጠራል። ቀጥሎ ክፍተታቸው የተለያየ ሁለት ጥንድ መስተዋቶችን በአንድ ተንቀሳቃሽ መድረክ ላይ አጣመረ። አሁን ደብዛዛ ነገርም ሊጠየቅ የሚችልበት ደጅ ተከፈተ።

የመጀመሪያዎቹ የአካል ክፍሎች ወደዚያ ደጅ የቀረቡት ወዲያው ነው። በ1977 ሃርሊ፣ ጄምስ፣ ሚለርና ኋይት የተባሉ ተመራማሪዎች የኮላጅንንና የጡንቻን የመለጠጥ ባሕርይ በብሪዩዋን ብተና ለክተው በኔቸር መጽሔት አሳተሙ። ኮላጅን የጅማት ገመድ ነው፤ የአጥንትም ማገር ነው። አጥንት ማለት የኮላጅን ክሮች ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ያላቸው ረቂቅ ክሪስታሎች የተለሰኑበት ሕንፃ ነው። ክሮቹ እንዳይፈረካከስ ይይዙታል፣ ክሪስታሎቹ እንዳይጎብጥ ያጸኑታል። በቤታችን ጭቃና ጭድ እንደሚረዳዱት ማለት ነው።

በ1979 ስቲቨን ኩሳክና አንድሩ ሚለር ልኬቱን አጠሩት። ኮላጅኑ ሲደርቅ የያንግ ሞዱለሱ ወደ 11.9 ጊጋፓስካል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 5.1 ጊጋፓስካል ሆነ። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ውሃ በልኬቱ ላይ ይህን ያህል ሥልጣን እንዳለው ያን ጊዜ ተጽፎ ነበር፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ታላቅ ክርክር የሚነሳው ከዚሁ ነው። በ1980 ቮን እና ራንዳል የዓይንን ሌንስና ኮርኒያ ለኩ። በ1990 ደግሞ በቦስተን ፎርሳይዝ የጥርስ ማዕከል ይሠራ የነበረው ሲድኒ ሊስ ከባልደረቦቹ ጋር ጠንካራ ጥቅጥቅ ሕብረ ሕዋሳትንና ኮላጅንን በብሪዩዋን ብተና ያጠኑበትን ሥራ አሳተመ። ጋሊሊዮ ከሣላቸው አጥንቶች ተነስቶ ጥያቄው ወደ ሌዘር ጨረር ለመድረስ 352 ዓመት ፈጅቷል።

ጥግግቱ ብቻ ሲለካ

ሕክምናው በዚህ መካከል በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሁለት ዓይነት ኃይል ያለው ኤክስሬይ የሚጠቀም ማሽን ወደ ሆስፒታሎች ገባ፤ በአጥንት ውስጥ ምን ያህል ማዕድን እንዳለ ይመዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 የአጥንት መሳሳትን፣ ኦስቲዮፖሮሲስን፣ የተረጎመው በዚሁ ልኬት ነው፤ ከጤናማ ወጣት አማካይ በ2.5 መደበኛ ልዩነት ወይም ከዚያ በላይ የወረደ ሰው በሽታው አለበት ይባላል። ይህ ብዙ ሰው አድኗል። ግን ማሽኑ የሚቆጥረው ማዕድኑን ነው፤ ማገሩን አያይም። ልኬታቸው ከዚያ መስመር በላይ ሆኖ ሳለ ወድቀው የሚሰበሩ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። የቤት ጥንካሬ በጭቃው ብዛት ብቻ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ጭዱ የበሰበሰ አጥንት በሚዛን ላይ ሙሉ መስሎ ይታያል።

እዚህ ላይ የራማን ምስክርነት አስፈለገ። የራማን ብተና የፎስፌቱንም የኮላጅኑንም ምልክት በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ የአንዱን ከሌላው ጋር ያለውን ምጥጥን ይሰጣል። ችግሩ ቆዳና ሥጋ መሸፈናቸው ነበር። በእንግሊዝ ራዘርፎርድ አፕልተን ላብራቶሪ ፓቬል ማቱሼክና ባልደረቦቹ በ2005 ብልህ ዘዴ አገኙ። ሌዘሩ ቆዳውን በአንድ ነጥብ ይነካል፤ የሚመለሰው ብርሃን ግን የሚሰበሰበው ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ ካለ ሌላ ነጥብ ነው። ወደ ጎን ርቆ የወጣ ብርሃን ወደ ጥልቅ ገብቶ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ የአጥንቱን ወሬ ይዞ ይመጣል። በ2006 ከሕያው ሰው አጥንት፣ ቆዳ ሳይቀደድ፣ የራማን ምልክት መቀበላቸውን አሳተሙ።

ከኪዮቶ እስከ ፔሩጃ

የግትርነቱ ልኬትም አዲስ ቤት አገኘ። በጃፓን ኪዮቶ፣ በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ፣ ማሚ ማትሱካዋና ባልደረቦቿ በ2008 ከበሬ የጭን አጥንት ስስ ቅጠል ቆርጠው፣ ከሥሩ ብርሃን የሚመልስ ገጽ አድርገው፣ ሌዘር አሳረፉበት። አቀማመጡ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የብርሃን መታጠፍ መጠን ሳይታወቅም የድምፁን ፍጥነት ማስላት ይቻላል። ጨረሩ የሚያርፍበት ነጥብ ስፋት ማይክሮሜትሮች ብቻ ነው። ድምፅ በዚያ አጥንት ውስጥ በሰከንድ ወደ 5,000 ሜትር ገደማ እንደሚሮጥ አገኙ፤ በአየር ውስጥ ከሚሮጠው ከ14 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚያም ማየር በዙሪክ ያያቸውን ስፖንጅ መሰል ዘንጎች አንድ በአንድ ለመለካት ተሸጋገሩ።

በ2011 የኪዮቶዎቹና የፓሪሱ ጊዮም አያት ቡድን በአንድነት ሌላ ጥያቄ አነሱ። የጥርስ ወይም የመገጣጠሚያ ተከላ የሚጸናው በዙሪያው የሚበቅለው አዲስ አጥንት ሲጠነክር ነው። በጥንቸል አጥንት ላይ ቲታኒየም ተክለው አዲሱንና ነባሩን ጎን ለጎን ለኩ። በአዲሱ አጥንት ውስጥ ድምፅ ከነባሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ለጋው አጥንት ገና አልጸናም ማለት ነው። ልዩነቱ የታየው ሁለቱ በሚዋሰኑበት፣ የመሳቢያ ማሽን ፈጽሞ ሊደርስበት በማይችል ጠባብ ቦታ ነው።

በጣሊያን ፔሩጃ ደግሞ የዳንዬሌ ፊዮሬቶ ቡድን ሁለቱን ምስክሮች በአንድ ችሎት አቆማቸው። በ2017 ብሪዩዋንንና ራማንን ከአንድ ነጥብ በአንድ ጊዜ የሚያነብ ማይክሮስኮፕ አሳተሙ፤ ከደራሲዎቹ አንዱ ያው የዙሪኩ ሳንደርኮክ ነበር። ቡድኑ በዚህ መንገድ የሰው አጥንት ካርታ ሠራ። በ1691 እንግሊዛዊው ክሎፕተን ሄቨርስ የገለጻቸውን፣ ዛሬም በስሙ የሚጠሩትን የአጥንት ቦዮች እንደ ግንድ ቀለበት የሚከቧቸው ስስ ንብርብሮች አሉ። ካርታው ንብርብሮቹ በግትርነት እንደሚለያዩ አሳየ፤ አንዱ ጠንከር፣ ቀጣዩ ለስለስ እያለ ይፈራረቃሉ። ስንጥቅ በአንድ ትንፋሽ አጥንቱን እንዳያቋርጥ የሚያዘገየው እንዲህ ያለው መፈራረቅ ነው።

መልሱ ምን ማለት ነው?

በ2018 ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የወጣ ጥናት ሁሉንም ቆም ብሎ እንዲያስብ አደረገ። ውሃ በበዛባቸው ጄሎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የብሪዩዋን ልኬት በዋናነት የሚከተለው የውሃውን መጠን እንጂ የቁሱን ግትርነት አይደለም አሉ ተመራማሪዎቹ። ልኬቱን ለዓይን ሕክምና ያዋሉት ጁሊያኖ ስካርቼሊና ሶክ ህዩን ዩን መልስ ሰጡ። ክርክሩ ብርቱ ነበር፤ ጠቃሚም ነበር።

ጉዳዩ ለአጥንትም ይሠራል። 5,000 ሜትር በሰከንድ የሚለውን ፍጥነት በራሱ አባዝተን፣ በአጥንት እፍግታ፣ በኪዩቢክ ሜትር ወደ 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ብናባዛው 50 ጊጋፓስካል ይወጣል። አጥንትን ቀስ ብሎ በመጫን የሚገኘው የያንግ ሞዱለስ ግን 20 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የተጠየቁት የተለያየ ነገር ነው። ሲጫን ጎኑ ማበጥ የሚችል ዘንግ አለ፤ በረቂቁ የድምፅ ሞገድ ውስጥ ያለች ቅንጣት ግን በጎረቤቶቿ ታፍና ወደ ጎን መሸሽ አትችልም። በዚያ ላይ ማር ማንኪያን ቀስ ሲሉበት ይቀበላል፣ በድንገት ሲመቱት ይመክታል። ብሪዩዋን የሚጠይቀው በሰከንድ በቢሊዮኖች በሚቆጠር ንዝረት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ኮላጅንም ውሃም ጠንካራ ሆነው ይመልሳሉ። ስለዚህ ናሙናው ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ ጨረሩ ከክሮቹ ጋር ይሂድ ወይ ያቋርጣቸው፣ በጥንቃቄ መጻፍ የልኬቱ ግማሽ ነው። ሳይሰብሩ የጠየቀ ሰው የመልሱን ቋንቋ መማር ግዴታው ሆኗል።

የዛሬው ድንበርም ግልጽ ነው። ዓይን ብርሃን ስለሚያሳልፍ የብሪዩዋን ልኬት በሕያው ሰው ዓይን ላይ ተሠርቷል። አጥንት ግን ከቆዳና ከሥጋ በታች ተሸሽጎ ይኖራል፤ የኪዮቶና የፔሩጃ ካርታዎች የተሠሩት ከአካል በወጡ ቁራጮች ላይ ነው። የአያታችንን ዳሌ በብርሃን ዳብሶ ከመውደቋ በፊት የሚያስጠነቅቅ የብሪዩዋን መሣሪያ ገና በሐኪም እጅ አልገባም። ይህን መጠበቅ ያሳዝናል፤ የሚሰበሩት በየቀኑ ይሰበራሉና።

ቢሆንም አንድ ነገር ተለውጧል። ቬርትሃይም በ1847 የሳበው አጥንት ተበጠሰ፤ የሰጠው መልስ የመጨረሻው ነበር። ሌዘር ያለፈበት ቁራጭ ግን ዛሬ ተለክቶ፣ ነገ ውሃ ጠጥቶ፣ ከነገ ወዲያ ዞር ተደርጎ እንደገና ሊለካ ይችላል። መልሱ ቢያጠራጥር ጥያቄውን አስተካክሎ መመለስ ይቻላል። ጋሊሊዮ በጨለማ ሆኖ ያነሳው ጥያቄ ደጋግሞ ሊጠየቅ የቻለው አጥንቱ ከልኬቱ በኋላም ሙሉ ሆኖ ስለሚቀር ነው።